ዝናብ ሲዘንብ የሚቆራርጥ ሞተር፦ እርጥብ እያለ ፈልጉት

ሐዋሳ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ክረምት ሲገባ ጋራዡ በር ላይ የሚሰለፈው መኪና አብዛኛው አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዞ ነው የሚመጣው። «ሌሊት ዘንቦበት ጠዋት ይቆራርጣል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደህና ይሆናል።» ባለቤቱ ጊዜ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ሞተሩ ያኔ ሰላም ነው። መካኒኩ ምንም ስለማያይ በግምት አራቱንም ካንዴላ ይቀይራል። በማግስቱ ይዘንባል፤ መኪናውም ያው ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለው ይህን ነው። ዝናብ ሲነካው ብቻ የሚቆራርጥ መኪና በደረቁ አይመረመርም። ወይ ዝናቡ እያለ አምጡት፣ ወይ ራሳችሁ አርጥቡት።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ካንዴላ እሳት የሚሰጠው ከኮይሉ፣ ማለትም የባትሪውን ቮልት ከሚያሳድገው ዕቃ፣ በገመድ በሚመጣ ኃይል ነው። ኃይሉ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት ነው የሚለካው። ይህ ኤሌክትሪክ በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍተት ዘልሎ ቤንዚኑን እንዲያቀጣጥል ይፈለጋል። የገመዱ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ከቆሸሸ ግን እርጥበቱ ቀላል መንገድ ይሰጠዋል። ክፍተቱን ከመዝለል ይልቅ በስንጥቁ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ብረት ይገባል። ያ ሲሊንደር ሳይነድ ይቀራል። ጤነኛ ገመድ ዝናብ ስለነካው ብቻ አይቆራርጥም። ዝናቡ የሚያሳየን ቀድሞ የነበረውን ስንጥቅ ነው።

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄዱ ባልና ሚስት መጡ። መኪናቸው ከኋላው አልጋና ትንሽ ኩሽና የተገጠመለት የድሮ ቤንዚን ሃይስ ነው። ሐይቁ ዳር አድረው ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድባቸው ነበር።

«ልጄ፣ ካንዴላ አስቀይሬያለሁ፣ የነዳጅ ፊልትሮም አስቀይሬያለሁ» አሉኝ ባልየው። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል፤ ሞተሩ ምንም አይልም።

«ጋሼ፣ ዛሬ እዚሁ ይደር። ጠዋት ማንም ሳይነካው እኔ ላስነሳው» አልኳቸው።

ሃይስ ላይ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። ኮፈን ከፍቶ ማየት የለም፤ ወንበሩን ማንሳት ነው። መኝታ የተሠራላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የውስጡን ሥራ የሠራው አናጢ ምንጣፉን የሞተሩ ክዳን ላይ ለጥፎት ታገኛላችሁ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምንጣፉን መላጥ ስለሚከብድ ለዓመታት ማንም አይከፍተውም። ከታች ደግሞ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ውሃ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ይወጣል። መኝታ የምታሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ክዳኑ በቀላሉ እንዲነሳ አድርጋችሁ አሠሩት።

ጠዋት ሲነሳ ተንቀጠቀጠ። ዝናብ ባይኖርም የማደርገው እንዲህ ነው። የፀጉር ቤት የውሃ መርጫ ጠርሙስ እይዛለሁ፣ ጉም የሚያወጣውን ዓይነት። ጋራዡን አጨልማለሁ፤ ጨለማው የግድ ነው። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ እየሠራ፣ እተወዋለሁ። ከዚያ አንድ ቦታ ብቻ ትንሽ እረጫለሁ፣ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። መጀመሪያ አንዱን ገመድ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን (ኃይሉን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) ክዳን፣ በመጨረሻ ኮይሉን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብታረጥቡ ሞተሩ ይቆራርጣል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቁም። ድምፁ የተቀየረበት ቦታ ነው ጥፋቱ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ብልጭታውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ ደግሞ ቀጭን የጠቅ ጠቅ ድምፅ አለው።

በዚህ ጊዜ ምንም ነገር በእጅ አትንኩ። ሻርፕ፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ ይዛችሁ ወደ ቬንትሌተሩና ወደ ቺንጋው አትጠጉ። አንዳንዱ መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ በእጁ ይነቅላል። ይህ ሰውየውንም ይመታል፣ ኮይሉንም ሊያቃጥል ይችላል። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ ፈተናውን አትጀምሩት፤ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ፈልጉ።

የጋሼ ሃይስ በሦስተኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ተያዘ። ገመዱ ከማሰሪያው ወጥቶ ከአንድ ብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ኖሯል። አጥፍቼ፣ አውጥቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ ስዞረው የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁበት። ዙሪያዋ ነጣ ያለ ክብ፣ መሐሏ ጥቁር። ከፊት ለፊቷ ያለው ብረትም ላይ የተቃጠለ ነጥብ ነበር። ገመድ ሲቀየር እንደ ስብስብ ቢቀየር ይሻላል፤ አንዱ ከደከመ ሌሎቹም በዕድሜ እኩል ናቸው። ዋናው ግን አዲሱን በማሰሪያው ውስጥ መልሶ ማስገባት ነው። እንዲያው ብረቱ ላይ ከተጣለ እሱም ይበሳል።

ገመዱን በቴስተር መለካትም ይቻላል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ አንድ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም በላይ ማሳየት የለበትም። ግን ልብ በሉ፤ ቴስተሩ የውስጡን ሽቦ ነው የሚለካው። ጎማው ተበስቶ ሽቦው ደህና ከሆነ ቁጥሩ ጥሩ ይመጣል፤ መኪናው በዝናብ መቆራረጡን ይቀጥላል። ለዚህ ነው ከቴስተሩ ይልቅ መርጫውን የማምነው።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ስታወጡ ውስጡን በባትሪ መብራት እዩት። በአንዱ ነጥብና በሌላው መካከል በእርሳስ የተሠመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ኤሌክትሪኩ ራሱ የቀደደው መንገድ ነው። ተጠርጎ አይድንም፤ ክዳኑ ይቀየራል። ተን ብቻ ከሆነ ግን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ የክዳኑ ጎማ መኖሩን አረጋግጡና መልሱት።

አዳዲሶቹ መኪኖች ረጅም ገመድ የላቸውም። ለምሳሌ 2ቲአር ሞተር የተገጠመለት ሃይስ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። እዚህ ላይ ውሃው የሚገባው ካንዴላው በተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ላቫጆ ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ካሳጠባችሁ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረ መጀመሪያ እዚያ እዩ። ኮይሉን አውጡ፣ ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር ንፉ፣ ካንዴላውን የምትፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። አለዚያ አሸዋና ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል።

የመኪናው ኮምፒውተር በማንበቢያ መሣሪያ ሲነበብ ፒ0301 የሚል የጥፋት ኮድ ካሳየ የሚቆራርጠው አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ0303 ካለ ሦስተኛው። ያኔ የአንዱንና የሦስቱን ኮይል አቀያይሩና ኮዱን አጥፍታችሁ እንደገና አርጥቡት። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ሶኬቱን፣ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር ፈልጉ። በዚህ መንገድ ያለ ጥፋቱ የሚገዛ ኮይል አይኖርም። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ፍጥነት ቀንሱ፣ ቶሎ ቁሙ። ያልነደደው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያቃጥለዋል።

በደረቁም፣ በተለይ ወደ ሐገረ ሰላም ዳገት ስትወጡ የሚቆራርጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የካንዴላ ክፍተት፣ ነዳጅ፣ አየር ፊልትሮ ይታይ። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላም ገመድም ስለሌለው ከላይ ያልኩት አይሠራለትም። የእሱ ነገር ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ከፊልትሮው ሥር ባለው ማፍሰሻ ትንሽ በጠራ ጠርሙስ ቅዱና አስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል። የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ጎማም እዩ።

መንገድ ላይ ከያዛችሁ አጥፉት፣ ይቀዝቀዝ፣ ገመዱንና ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉ። ደብሊውዲ 40 ካላችሁ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ ረጭታችሁ እስኪተን ጠብቁ፤ የሚቀጣጠል ነገር ነው። ይህ ጋራዥ ያደርሳችኋል እንጂ ጥገና አይደለም።

ጎርፍ የሞላው መንገድ ላይ ገብታችሁ ሞተሩ ውሃው ውስጥ ከጠፋ ግን ደግማችሁ አታስነሱ። ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም፤ የፒስተኑ ዘንግ ይታጠፋል። መኪናውን አስገፍታችሁ አውጡ፣ የአየር ፊልትሮውን ከፍታችሁ እርጥብ መሆኑን እዩ። ከረጠበ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው ውሃው ሳይፈስ ቁልፍ አይዙርበት።