የበረዶ ማዕበል ሳይደርስ ምን እንሸምት?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የበረዶ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ከመደርደሪያ ቶሎ የሚያልቀው ዳቦ፣ ወተትና እንቁላል ነው፤ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግዙ። ግን መብራት ከጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድም ምድጃም አይሠራምና እሳት የማይፈልግ ምግብ ይቅደም። ከሁሉም የሚሻለው በሶ ነው፦ በውሃና በማር ይበጠበጣል፣ ወይም በጨው፣ በበርበሬና በጥቂት ዘይት ታሽቶ ጭብጦ ይሆናል። ቆሎ፣ ቴምር፣ የታሸገ ቱና ጨምሩ፤ የቆርቆሮ መክፈቻው በእጅ የሚሠራ ይሁን።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን፣ ቢያንስ ለ3 ቀን፤ አራት ሰው ላለበት ቤት 12 ጋሎን ማለት ነው። የሕፃን ወተትና መድኃኒትም አብሮ ይታሰብ።

እንጀራውን በየመሃሉ ወረቀት አድርጋችሁ፣ ከረጢቱን አየር አስወጥታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ወረቀት ከሌለው ይጣበቅና ሲላቀቅ ይቀደዳል። መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር 48፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙስ ሙሉት፤ ጠርሙሱ ግን ጎደል ይበል፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋልና ይሰነጥቀዋል።

ከሰል ለቡናም ቢሆን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታቀጣጥሉ። መስኮት ተዘግቶ የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ይገድላል።