ናይትራይት ቢጨመርም ያልቆመው የብረት ዝገት

በዝግ የማቀዝቀዣ ውኃ ሥርዓታችን የብረት ቱቦዎቹን ከዝገት የሚከላከለው ሶዲየም ናይትራይት በየጊዜው ቢጨመርም መጠኑ እየወረደ፣ ውኃውም እየቀላ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ፍሳሽ ነው፤ ይሁን እንጂ የፈሰሰው በንጹሕ ውኃ እየተተካ ቢሆን ኖሮ የውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም አብሮ መውረድ ሲገባው፣ ንባቡ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ናይትሬቱ ሲለካ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ነበሩ።

ናይትራይት በብረቱ ገጽ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን እንዲጸና ያደርጋል፤ መጠኑ ሲያንስ ሽፋኑ እዚህም እዚያም ይሳሳና ዝገቱ በእነዚያ ጥቃቅን ቦታዎች ላይ ተከማችቶ ብረቱን ወደ ውስጥ ይቦረቡረዋል። በእኔ ግምት ይህ ገጹን በሙሉ እኩል ከሚበላ ዝገት ይልቅ ያስፈራል።

ባክቴሪያዎቹን ለመግደል ከሚያገለግሉት መካከል ክሎሪን ናይትራይቱን ራሱን ኦክሳይድ አድርጎ ወደ ናይትሬት ስለሚለውጠው ተውነውና ግሉታራልዴሃይድ ጨምረን ውኃውን አዘዋወርን፤ ከዚያም ዝቃጩን አጥበን አስወጥተን ናይትራይቱን በሊትር ወደ 800 ሚሊግራም መለስን፣ ፒኤቹንም ከ9 በላይ አደረግን። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ጸንቷል፤ በመስመሩ ውስጥ ያንጠለጠልነው የብረት መሞከሪያ ቁራጭም ሲወጣ ጠርዙ እንኳ አልተቦረቦረም። አሁን ናይትሬቱንም ከናይትራይቱ ጋር አብረን እንለካለን።