ከማስታወቂያ በፊት ጎረቤት

አምስት ኪሎ አካባቢ ካፌ ወይም ትንሽ ሆቴል ካለህ፣ ለማስታወቂያ ብር ከማውጣትህ በፊት ሰፈሩን ዞር ዞር ብለህ እይ። ድንቅነሽን ሊያይ ብሔራዊ ሙዚየም የመጣ እንግዳ ሲወጣ ይርበዋል፤ የት እንደሚበላ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ አስጎብኚው ነው። ስለዚህ አስጎብኚዎቹን ቡና ጋብዝ፣ ቡድን ይዘው ሲመጡ የእነሱ ምሳ በነፃ እንደሆነ ንገራቸው፣ የቡድኑንም ዋጋ አስቀድመህ ቁረጥና በጽሑፍ ስጥ፣ አለበለዚያ ሂሳብ ሲመጣ ጭቅጭቅ ነው። ረቡዕና አርብ የጾም በያይነቱ እንዳይጠፋ።

የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ስብሰባ ሲኖራቸው ከሰዓት ባዶ የሚውለውን ክፍል ስጣቸው። ብዙ አያወጡም፣ ግን ለጓደኛ ያወራሉ።

ጥበቃዎችንና ፓርኪንግ የሚሠሩ ልጆችንም አትናቅ፤ እንግዳ መንገድ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ኮሚሽን ቃል ከገባህ በዚያው ቀን በቴሌብር ላክ።