የጥሬ ጃክፍሩት ካሪ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጥሬ ጃክፍሩት፣ ማለትም በህንድ እንደ አትክልት የሚበላው ትልቅ የዛፍ ፍሬ ገና ሳይበስል፣ ስጋ የሚመስለው በክሩ ነው፤ ጣዕም ግን ከራሱ አያመጣም። ሰሜን ህንዶች ካትሃል፣ ቤንጋሎች ኤቾር ይሉታል፤ ቤንጋሎች «የዛፍ ፍየል» የሚል ቅጽል ስምም አውጥተውለታል። ያገኘውን ነገር ሁሉ ይመጥጣል። ውሃ ይዞ ድስት ከገባ ውሃ ውሃ ይላል፤ ዘይትና ቅመም ጠጥቶ ከገባ ቅመሙን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ካሪው ሲበላሽ ጥፋቱን መረቁ ላይ ከመፈለግ ወደ ኋላ ተመልሶ ፍሬው እንዴት እንደተመረጠ፣ ውሃው እንደተጨመቀ፣ ሽንኩርቱ እንደተጠበሰ ማየት ይሻላል።

ከታች የምንጠቅሰው ሁሉ በዚህ መጠን የተሰላ ነው፣ ለ4 ሰው ይበቃል፦ ተልጦ የተቆራረጠ ጥሬ ጃክፍሩት 500 ግራም (ከነቅርፊቱ 1 ኪሎ ገደማ ይገዛል)፣ ሽንኩርት 250 ግራም፣ ቲማቲም 250 ግራም፣ ዘይት 5 የሾርባ ማንኪያ፣ የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ያልተፈጨ ከሙን 1 የሻይ ማንኪያ፣ ቅርንፉድ 4 ፍሬ፣ ሄል 2 ፍሬ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ ቴጅ ፓታ የሚባለው ደረቅ ቅጠል 1። ከተፈጨው ደግሞ እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ድንብላል 2፣ ከሙን 1፣ የካሽሚር በርበሬ (ቀለም የሚሰጥ፣ ብዙ የማያቃጥል የህንድ በርበሬ) 1፣ መጨረሻ ላይ ጋራም ማሳላ (የህንድ የተፈጨ ቅመም ድብልቅ) ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሙቅ ውሃ አንድ ኩባያ ተኩል።

እጅና ቢላው በሙጫ ተያዘ

ቅርፊቱ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት አየር ሲያገኘው ሙጫ ይሆናል። ውሃ አያሟሟውም፤ በሳሙና ማሸትም ያደክማል እንጂ አያስለቅቅም። የሚያላቅቀው ዘይት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት እጃችሁን፣ ቢላውንና መክተፊያውን ዘይት ቀቡ፤ መክተፊያው ላይ ጋዜጣ አንጥፉ። በየመሃሉ የሚወጣውን ወተት በወረቀት ጥረጉ። ከተጣበቀ በኋላም መጀመሪያ በዘይት አሽታችሁ በደረቅ ወረቀት አንሱት፣ ሳሙናው ከዚያ ይከተላል። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ ፍሬ ላይ መጠንቀቅ አለበት።

የተቆረጠው ቶሎ ስለሚጠቁር እርድና ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ጣሉት።

ካሪው ስኳር ስኳር አለ

ፍሬው መብሰል ጀምሯል፣ ወይም የተሳሳተ ቆርቆሮ ተገዝቷል። ለወጥ የሚሆነው ሥጋው ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለው፣ ሽታ የሌለው፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ገና ለስላሳ ሆኖ ቢላ የሚያልፍበት ነው። ሥጋው ወደ ቢጫ ካደላና ከሩቅ የፍራፍሬ ሽታ ካለው አትቀቅሉት፣ ይቆይና ሲበስል እንደ ፍራፍሬ ይበላ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በገልፍ አገሮች ያላችሁ የታሸገውን ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፦ «ያልበሰለ፣ በጨው ውሃ» የሚለው ነው የሚፈለገው። «በሽሮፕ» የሚለው ለጣፋጭ ምግብ ነው፤ ስኳሩ ክሩ ውስጥ ገብቷልና ብታጥቡትም አይወጣም። 565 ግራም ከተጻፈበት ቆርቆሮ ውሃው ሲፈስ የሚቀረው 280 ግራም ገደማ ስለሆነ ለዚህ መጠን ሁለት ያስፈልጋል።

ሰዓት ሙሉ ፈልቶም አልለሰለሰም

በጣም የተለመደው መንስኤ ጥሬው ቀጥታ ቲማቲም ውስጥ መግባቱ ነው። አሲድ የአትክልትን ሥጋ አጥብቆ የሚይዘውን ነገር እንዳይሟሟ ያደርገዋል፤ ቲማቲም ውስጥ የገባ ጥሬ ቁራጭ የቱንም ያህል ቢፈላ እምቢ ይላል። መጀመሪያ ጨውና እርድ ባለበት ውሃ ቀቅሉት፦ በክፍት ድስት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ በፕሬዠር ድስት አንድ ፉጨት። ቢላ ሲወጋው ትንሽ እየታገለ መግባት አለበት። ሌላው መንስኤ መሃሉ ላይ ያለው ወፍራም እምብርት ነው፤ ፍሬው ገፋ ያለ ከሆነ ይህ ክፍል አይለሰልስም፣ ቆርጣችሁ ጣሉት። ዘሩ ጠንከር ካለ ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን ፕላስቲክ የሚመስል ነጭ ልባስ ላጡት፤ ዘሩ ራሱ ሲቀቀል እንደ ድንች ይበላል።

ድስቱ ውስጥ እንዳለ እምቢ ካለ ቁራጮቹን ብቻ ለቅማችሁ በንጹህ ውሃ በፕሬዠር አንድ ፉጨት አስጩሁና መልሱ።

መረቁ ጥሩ፣ ቁራጩ ግን ባዶ

ይህ ነው ብዙ ሰው ጃክፍሩትን አንዴ ሞክሮ የሚተውበት ምክንያት። የተቀቀለው ቁራጭ ውሃ ሞልቶታል፤ ውሃ ባለበት ቅመም አይገባም። ድስት ውስጥ ሲፈላም ያንኑ ውሃ ይለቅና መረቁን ያቀጥነዋል፣ ስለዚህ ቀጭን መረቅና ጣዕም የለሽ ቁራጭ አብረው ነው የሚመጡት።

ሦስት ነገር ይደረጋል። ከቅቅሉ አውጥታችሁ በወንፊት ላይ 15 ደቂቃ አንጠፍጥፉ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጭመቁ፤ እስኪፈርስ ሳይሆን ውሃ መንጠብ እስኪያቆም። ቀጥሎ ከዘይቱ 3 ማንኪያ መጥበሻ ላይ አግላችሁ ቁራጮቹን ሳይደራረቡ ዘርጉ፣ ጠርዛቸው ወርቃማ እስኪሆን 8 ደቂቃ ያህል ጥበሱ። ቶሎ ቶሎ አታማስሉ፤ ካልተተወ ቡናማ አይሆንም። በመጨረሻ ገና ትኩስ ሳሉ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ የካሽሚር በርበሬ ነስንሱባቸው። ጥብሱን ለመዝለል የሚያበቃ ምክንያት አናውቅም፤ ዘይት ለመቀነስ የፈለገ በዘይት ለውሶ ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 25 ደቂቃ ያድርገው።

አስቀድሞ ከተሠራና ከቀጠነ ክዳኑን ከፍታችሁ በመካከለኛ እሳት አንተክትኩት። ዱቄት አትጨምሩ፣ መረቁን ሊጥ ሊጥ ያሰኘዋል።

ካሪ ሳይሆን ወጥ ወጥ አለ

በአበሻ ኩሽና ይህ ሁልጊዜ ይደርሳል፤ መንስኤው ሁለት ነው። አንደኛው በርበሬያችን። የእኛ በርበሬ ብቻውን የሚመጣ አይደለም፤ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ አብሮት ተፈጭቷል። አንድ ማንኪያ ሲገባ ከሙኑንና ድንብላሉን ይውጣቸዋል። የካሽሚር በርበሬ ከጠፋ ቅመም ያልገባበት ዛላ በርበሬ ፍሬውን አውጥታችሁ ፍጩ፤ ቀለሙን ይሰጣል፣ አያቃጥልም። ሄልን በኮረሪማ መተካትም እንዲሁ መዓዛውን ወደ ወጥ ይመልሰዋል።

ሁለተኛውና ትልቁ ሽንኩርቱ ነው። ለወጥ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ውሃ ጠብ እያለበት ይሟሟል፣ ዘይቱ ቆይቶ ይገባል። እዚህ ተቃራኒው ነው፦ ዘይቱ ይግላል፣ ያልተፈጩት ቅመሞች ገብተው 30 ሰከንድ ይንጣጣሉ፣ ሽንኩርቱ በዚያ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን። ነጭ ሆኖ የሟሟ ሽንኩርት የወጥ ጣዕም ይሰጣል፤ ቡናማ የሆነው ነው የህንዱን ጣዕም የሚያመጣው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ የተፈጩት ቅመሞች በ2 ማንኪያ ውሃ ተበጥብጠው፣ ከዚያ ቲማቲሙ።

ጥሬ ቅመም ሸተተ

ቲማቲሙ ከገባ በኋላ ተቸኩሏል። ህንዶች ቡና የሚሉት ደረጃ አለ (ከምንጠጣው ቡና ጋር አይገናኝም)፦ ቁሌቱ እየተማሰለ ውሃው ያልቅና ጠጣር ይሆናል፣ በዙሪያው ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል። 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከያዘ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ዘይቱ ብቅ ሳይል የተጠበሰው ጃክፍሩትም ሆነ ሙቅ ውሃው አይገባም። ከገባ በኋላ ተከድኖ በለስላሳ እሳት 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

መረረ

ቅመሙ ደረቁን የጋለ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሲያር፣ ወይም ነጭ ሽንኩርቱ ሲጠቁር ይመራል። ይህ አይስተካከልም፤ ቁሌቱን ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ፣ ጃክፍሩቱ ያልገባበት ከሆነ ይተርፋል። የሰናፍጭ ዘይት የተጠቀማችሁ እንደሆነ ደግሞ በደንብ ሳይግል ቀርቶ ይሆናል፤ ቀጭን ጭስ እስኪያወጣና ቀለሙ እስኪገረጣ አግሉት፣ ከእሳቱ አንሱት፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ይጀመር። በአሜሪካ ይህ ዘይት ኤሩሲክ አሲድ የሚባል የቅባት አሲድ ስላለበት «ለውጭ አካል ብቻ» ተብሎ ይሸጣል። እዚያ ያላችሁ በሱፍ ዘይት ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ አንጣጡ፣ መዓዛው ይቀርባል።

የታሸገው ቆምጦ ሸተተ፣ ከዚያም ፈራረሰ

የጨው ውሃው ሽታ ነው። 2 ጊዜ አጥባችሁ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ጭመቁ። ይህ ሲታሸግ ቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ ዳግም አይቀቀልም፤ ተጠብሶ መረቁ ውስጥ 8 ደቂቃ ብቻ ይቆይ፣ በማማሰያ ሳይሆን ድስቱን በመወዝወዝ ይገልበጥ። ጨውን ደግሞ ቀምሳችሁ ጨምሩ።

እርጎው ተቆራረጠ

ለፍስክ እርጎ የምታስገቡ ግማሽ ኩባያ እርጎ ከ1 የሻይ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ጋር መትታችሁ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ። ከተቆራረጠ ግን የሚያበላሸው መልኩን ነው፣ ይበላል።

በልተን ቶሎ ራበን

ጃክፍሩት ስጋን በክሩ እንጂ በፕሮቲኑ አይተካም፤ በ100 ግራም ያለው 2 ግራም ገደማ ነው። በጾም ለምትሠሩት ይህ ቁም ነገር ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ሽምብራ ከጃክፍሩቱ ጋር ጨምሩ፣ ወይም ክክ ወጥ አጠገቡ ይቅረብ። በማግስቱ ስትበሉት መረቁ መጥጦ ይጠብቃችኋል፤ ሩብ ኩባያ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ በለስላሳ እሳት አሙቁት፣ ጋራም ማሳላውንም ትንሽ ድገሙት።