በቀቀናችሁ ያለ ዕድሜዋ ስትደክም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ባጂ የምትባለው ትንሿ በቀቀን በደንብ ከተያዘች ከ5 እስከ 10 ዓመት ትኖራለች። ላቭበርድ የሚባለው ሌላው ትንሽ በቀቀን ከ10 እስከ 15። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን 40 ዓመት አልፎት ለልጆቻችሁ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ በ3 ዓመቷ የሞተችን ባጂ «ዕድሜዋ ነው» ብሎ መተው ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል? አፏንም ትከፍታለች? ወሎ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጭስ ነው። ቡና ሲፈላ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ከአቦል እስከ በረካ ቤቱ እንደታፈነ ይቆያል። እኛ እንወደዋለን። የወፍ ሳንባ ግን ኦክስጅኑን አሟጦ እንደሚወስድ ሁሉ መርዙንም አሟጦ ይወስዳል። ረከቦቱ ሳይቀርብ ኬጁን (የወፏን ቤት) ሌላ ክፍል አስገቡና በሩን ዝጉ። ጭሱ ጨርሶ ሳይወጣ አትመልሷት። ኩሽና ጭራሽ አይሆንም፤ እሳት ላይ የተረሳ ቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ይገድላል። አተነፋፈሷ ካልተስተካከለ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ላባዋ ከደበዘዘና ከወፈረች ምግቧን እዩ። ሱፍ ብቻ የምትበላ ወፍ ጉበቷ ስብ ይይዛል፣ ቫይታሚን ኤም ያጥራታል። ካሮት፣ ጎመን፣ ቃሪያም ስጧት፤ ቃሪያው እኛን እንጂ እሷን አያቃጥላትም። ሱፉን ግን በአንድ ጊዜ አታቋርጡ። አዲሱን ምግብ ካላወቀችው ተርባ ልትሞት ትችላለች። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ፣ ጠዋት ጠዋት በኩሽና ሚዛን መዝኗት። አቮካዶ፣ ቡናና ቸኮሌት መርዝ ናቸው።

ቀን ላባዋን ነፍታ የምታንቀላፋ ከሆነስ? ጦሳ ተራራ ሥር ላላችሁ የደሴ ሰዎች ብርድ ሊሆን ይችላል። ኬጁን ከመስኮት አርቁ፣ ሦስት ጎኑን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። የከሰል ምድጃ ግን በፍጹም! ሞቋትም ላባዋ ካልተኛ ታማለች ማለት ነው። ወፍ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለችና ነገ አትበሉ። በተለይ ሴቷ ኬጁ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ካማጠች እንቁላል ተቀርቅሮባት ይሆናል። ይሄ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

የዋህ የነበረ ላቭበርድ ዓመት ሊሞላው ሲል መንከስ ከጀመረ ጉርምስና ነው። አትምቱት። ጎጆ የሚመስል ሣጥንና ጨለማ ጥግ አንሱለት፣ ሌሊት ለ10 ሰዓታት ያህል በጸጥታ ይተኛ። ያልፋል።

ያረጀች ወፍ ከመቆሚያዋ ትወድቃለች፤ ዓይኗም ሞራ ሊጋርደው ይችላል። እንጨቱን ዝቅ አድርጉ፣ ሥሩ ፎጣ አንጥፉ፣ የምግብና የውሃ ዕቃዋን ቦታ አትቀያይሩ።