በጠመንጃ በርሜል ውስጥ የሚጋገርን እድፍ ስለማጽዳት

ጠመንጃ ከመወልወሉ በፊት የጥይት ካዝናው መውጣት፣ ማቀባበያው መሳብ፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍልም ባዶ መሆኑ በዓይንና በጣት መረጋገጥ አለበት። ጥይቶቹ በሙሉ ከሥራው ቦታ ይራቁ።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት በርሜሉ ውስጥ ያለው እድፍ ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚያሟሟ ፈሳሽ ሌላውን ላይነካው ይችላልና። ባሩድ ሲቃጠል ጥላሸት ይተዋል፤ ይህም አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ ወደተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች በሚገባበት ጉሮሮ ላይ ተጋግሮ ይጠነክራል። መዳብ የለበሰ አረር ሲያልፍ ስስ የመዳብ ንጣፍ፣ ልባስ የሌለው ደግሞ እርሳስ ያጣብቃል። በተከታታይ ተኩስ ጥላሸትና መዳብ ንብርብር ሆነው ስለሚቀመጡ፣ ላይኛው ጥላሸት ሳይነሳ የመዳብ ማሟሟያ ማፍሰስ ፈሳሹን ማባከን ነው።

ስለዚህ ሥራው በጥላሸቱ ይጀመራል። የሚቻል ከሆነ መወልወያ ዘንጉ ጥይት ከሚጎርስበት በኩል ገብቶ በአፈሙዙ ይውጣ፤ ዘንጉን መሐል ለመሐል የሚመራ መሣሪያ ካለም መጠቀም ይበጃል። በአፈሙዙ በኩል ከማስገባት ሌላ አማራጭ በሌላቸው ጠመንጃዎች ላይ ዘንጉ ጠርዙን እንዳይፈትግ መጠንቀቅ ያሻል፤ አረሩ በመጨረሻ የሚለቀቀው ከዚያ ጠርዝ ስለሆነ ጥቂት መላጥ እንኳ አቅጣጫውን ያዛባል። በእኔ እምነት፣ በችኮላ የሚገፋ ዘንግ ከጥላሸቱ ይልቅ በርሜሉን ይጎዳል።

የጥላሸት ማሟሟያ የነካ ጨርቅ ካለፈ በኋላ ፈሳሹ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆይ፤ ከዚያ በበርሜሉ ልክ የተሠራ የነሐስ ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ይመላለስ። ብሩሹ መሐል ላይ እንዳለ አቅጣጫ መቀየር የለበትም፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይመለሳል። በመጨረሻም ንጹሕ ጨርቆች ጥቁረታቸው እስኪቀንስ ድረስ ይለፉ።

መዳቡ የሚገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። አሞኒያ ያለበት ማሟሟያ መዳብን ሲያሟሟ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ነሐስ ራሱ መዳብ ስላለበት፣ የነሐስ ብሩሽ ከዚህ ፈሳሽ ጋር ሲነካካ በርሜሉ ንጹሕ ሆኖም ጨርቁን ሰማያዊ ያደርገዋል። በዚህ ደረጃ የናይሎን ብሩሽ መጠቀም ከከንቱ ድካም ያድናል። ፈሳሹ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ በርሜሉ ውስጥ እንዳይቆይ፣ ከሌላ ማሟሟያም ጋር እንዳይቀላቀል፤ በተለይ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሥራው ነፋሻ ቦታ ላይ በጓንት ይሠራ።

የቆዩ ወታደራዊ ጥይቶች የተተኮሱበት በርሜል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሩዱን በሚያቀጣጥለው የብዙዎቹ መነሻ ቅመም ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም ክሎሬት ሲቃጠል ከገበታ ጨው ጋር የሚመሳሰል ጨው ይተዋል፤ ይህም ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ዘይት ይሸፍነዋል እንጂ አያሟሟውም። የሚያጥበው ውኃ ነው፤ በተኮሱበት ቀን በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ወዲያውም ፈጽሞ ማድረቅና ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

የጸዳ በርሜል በስሱ ዘይት ይቀባል፤ ለተኩስ ከመውጣቱ በፊት ግን ዘይቱ በደረቅ ጨርቅ መጠረግ አለበት። የቀረ ዘይት የመጀመሪያውን ጥይት ከዒላማው ሊያርቅ፣ ሲበዛም ግፊቱን አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። መዳቡን በየተኩሱ እስከ መጨረሻው መፋቅ አስፈላጊ አይደለም፤ ብዙ በርሜሎች ከፍጹም ጽዳት በኋላ ጥቂት ጥይት ሳይተኮስባቸው አይረጋጉም። የጥይቶቹ ምልክት ዒላማው ላይ ያለ ሌላ ምክንያት መበታተን ከጀመረ ግን መዳቡን የማንሳቱ ጊዜ ደርሷል።