ደብረ ብርሃን ላይ የማኅበር አፓርታማ እንዴት ይገዛል?

ደብረ ብርሃን ድሮ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ሐበሻና ዳሽን ቢራም ይጠመቁባታል። ከመንዝ፣ ከይፋት፣ ከወሎ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አንድ ደረጃ እየተጋራ ይወጣል። የቤት ዋጋም አብሮ ወጥቷል። ግቢ ያለው ቤት ለደመወዝተኛ አልቀመስ ሲል፣ ቤት ሠሪ ማኅበር ካሠራው ፎቅ ላይ አንድ ቤት መግዛት ሻል ያለ መንገድ ነው። የሚረክሰውም በምክንያት ነው። ማኅበሩ መሬቱን የሚያገኘው በጨረታ ተፎካክሮ ሳይሆን በምደባ ነው። አባላቱም የሚሠሩት ለመኖር እንጂ ለማትረፍ አይደለም።

እንዲህ ሂዱበት።

መጀመሪያ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ለዩ

ደላላ "የማኅበር አፓርታማ አለ" ሲላችሁ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንዱ ገና በመደራጀት ላይ ያለ ማኅበር ነው። እዚህ የምትገቡት እንደ አባል ነው። የከተማው ነዋሪ መሆን፣ በራሳችሁም በትዳር ጓደኛችሁም ስም ቤት ወይም ቦታ አለመኖሩ፣ ቅድሚያ መቆጠብ ይጠየቃል። ርካሽ ነው፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሌላው ያለቀና ለእያንዳንዱ ቤት ካርታ የወጣለት ነው። ይወደዳል፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

መሃል ላይ ያለው ነው አስቸጋሪው፤ ግንባታው ያላለቀ፣ ካርታው ያልተከፋፈለ የአንድ አባል ድርሻ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ግንባታ ሳይጀመር ወይም ሳይጋመስ የሊዝ መብትን ማስተላለፍ ገደብ አለው፤ ሻጩም ከጭማሪው ዋጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ሻጭ "ስሙን በኋላ እናዞራለን፣ ለጊዜው ውክልና ልስጥህ" ይላል። ውክልና ባለቤት አያደርግም። ወካዩ በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል። ወካዩ ከሞተም ይቋረጣል፤ ከዚያ የምትነጋገሩት ከወራሾቹ ጋር ነው። ዋጋው በጣም ካጓጓችሁ እንኳ፣ የእኔ ምክር ይህንን ትታችሁ ካርታ ያለው ትንሽ ቤት ፈልጉ የሚል ነው።

አራተኛም አለ፤ ከከተማው ዳር ከገበሬ የተገዛ መሬት ላይ "ማኅበር ነን" የሚሉ ሰዎች። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ጨረቃ ቤት ነው፤ እለፉት።

ገንዘቡን ቁጠሩ

ከዋጋው በላይ የቀረ የሊዝ ክፍያ፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያና ፊኒሺንግ አለ። ፊኒሺንጉን አትናቁት። "አልቋል" የተባለ ቤት በር፣ ሴራሚክና የመብራት መስመር የሌለው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በባንክ ብድር ለመግዛት ካሰባችሁ ደግሞ ባንኩ መያዣ የሚያደርገው ካርታውን ነው። ካርታ የሌለው ድርሻ ይዞ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ማኅበሩን መርምሩ

ሰው ግድግዳውን እያንኳኳ ያያል፤ ማኅበሩን ግን አያይም። በማኅበር ቤት የምትወርሱት ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የማኅበሩን ዕዳና ጭቅጭቅም ጭምር ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ትልቅ ቤት የያዘም ትንሽ የያዘም እኩል ነው። ሥራውን የሚያካሂድ ኮሚቴ አለ፤ እሱን የሚቆጣጠር ሌላ ኮሚቴ አለ። እናንተ ሊቀመንበሩን ብቻ አታናግሩ። ቁጥጥር ኮሚቴውን አግኙ፣ ከዚያም ወደ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

የምታዩት ሰነድ ይህ ነው፤ የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት፣ የአባላት መዝገብ። መዝገቡ ላይ የሻጩ ስም ከሌለ ወሬው እዚያው አለቀ። ደንቡ ላይ ድርሻ ስለ ማስተላለፍ የሚለውን አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡ። የጠቅላላ ጉባኤ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ቃለ ጉባኤው በእጃችሁ ይግባ። ለዓመታት ኦዲት ያልተደረገ ማኅበር ካጋጠማችሁ "ሰዎቹ ታማኝ ናቸው" የሚለው መልስ አይሆናችሁም።

ሻጩ የከፈላቸውን መዋጮዎች ካርኒ በካርኒ ጠይቁት። የጎደለ ካለ የናንተ ዕዳ ሊሆን ነው።

ወደ ከተማ አስተዳደሩ

የካርታውን ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ትክክለኛነቱን በፋይሉ አረጋግጡ። ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚል ማስረጃም ሻጩ ያውጣ። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ስንት እንደቀረውና ዓመታዊ ክፍያው እስከ መቼ እንደተከፈለ እዩ። የተሠራው ፎቅ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር መግጠሙንም እንዲሁ። አንድ ፎቅ በትርፍ የቀጠለ ሕንፃ ጣጣ አያልቅበትም።

ቤቱንና ጎረቤቱን እዩ

ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ሲመሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ውርጭ በሚበዛባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወደ ደቡብ የሚያይ ሳሎን ቀን ይሞቃል፤ ወደ ሰሜን የዞረው ቀኑን ሙሉ ጋቢ ያስለብሳል። ላይኛው ፎቅ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ግን ውኃ እዚያ ድረስ ይወጣል ወይ? ሮቶ አለ? ፓምፑን ማን ያስነሳል? መልሱን ከሻጩ ሳይሆን ላይ ፎቅ ካለችው እናት ስሙ።

ጎረቤቱ ቅይጥ ነው፤ ደግም ነው። ግን አብሮ የሚያኖረው የጋራ ደንብ መኖሩ ነው። የፋሲካ በግና የአረፋ በግ የት ይታረዳል? ለቀብርና ለሠርግ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ቀርቷል ወይስ መኪና ማቆሚያ ሆኗል? በርበሬ የሚሰጣውስ? ለጥበቃና ለደረጃ ጽዳት በየወሩ ስንት ይዋጣል፣ የማይከፍለውን ምን ያደርጉታል? የዕድሩን ዳኛ አግኝታችሁ ሻይ ጋብዟቸው። የትኛው ቤት ክርክር እንዳለበት ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ውሉ

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከላይ ያለው ምርመራ ሳያልቅ አትስጡ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት ወይም ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ አንቀጽ 1723 ነው። ሦስት ምስክር ይዞ ቡና ቤት የተፈረመ ወረቀት ሲካዱ አያድንም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ያላገባ ከሆነ የላጤነት ማስረጃ ይቅረብ። ክፍያው በባንክ ይለፍ፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ስሙ ሲዞር የሚከፈል ይሁን፤ ይህንንም ውሉ ላይ አስፍሩት።

ካርታው በስማችሁ እንደወጣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ውል አዛውሩ፤ የሻጩን ውዝፍ ሒሳብ ግን አስቀድማችሁ አስዘጉት። ማኅበሩ ጋር መዝገቡ ላይ ስማችሁን አስገቡ። ዕድሩም የመግቢያ ስላለው እሱንም ከበጀቱ ላይ ያዙ።